የ850 ዶላር ጠበቃዬ፦ ከአምስት ኮከብ አራት

ጠበቃዬን በዓይኔ ያየሁት በጠቅላላው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። የከፈልኩት 850 ዶላር። በደቂቃ 70 ዶላር ከ83 ሳንቲም መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ዛሬ በትራፊክ የተከሰሰ አንድ ሰው "ጠበቃ ላቁም ወይስ ብቻዬን ልቅረብ?" ቢለኝ "አቁም" ነው የምለው። የቢሮውን ስም አልጽፍም፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ እንደሱ ያለ ቢሮ ሞልቷል።

ነገሩ የሆነው በ2025 ማርች መጨረሻ ነው። የቼሪ አበባ ሰሞን ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቱሪስት ሳመላልስ ውዬ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሰው አውርጄ፣ ፔንታጎንን አልፌ በ395 አውራ ጎዳና ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል። ኡበር የሚሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው ከጫንክ ትጠነቀቃለህ፣ ባዶህን ስትሆን እግርህ ይከብዳል። መብራቱን ከኋላዬ ሳየው "ለሌላ ሰው ነው" ብዬ መንገድ ልለቅለት ሁሉ ሞክሬያለሁ።

ፖሊሱ ትሁት ነው። 55 በሚባልበት 76 ማይል ስትነዳ ራዳር ይዞሃል አለኝ፤ በኪሎሜትር 122 ገደማ ነው። ወረቀቱን አምጥቶ ፈርም ሲለኝ እጄ አልታዘዝ አለ። እኛ አገር ፖሊስ ባቀረበልህ ወረቀት ላይ መፈረም ማለት አመንኩ ማለት ነው። ገባው መሰለኝ "ይሄ በቀጠሮህ እቀርባለሁ ማለት ብቻ ነው" ብሎ ብዕሩን በመስኮት አቀበለኝ።

ቤት ገብቼ ሳነበው ነው የደነገጥኩት። ተራ የፍጥነት ትኬት አይደለም፣ "ሬክለስ ድራይቪንግ" ይላል፤ በግዴለሽነት መንዳት ማለት ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ከበለጥክ፣ ወይም የትም ቦታ ከ85 ማይል ካለፍክ፣ ቅጣት ከፍለህ የምትገላገለው ነገር አይደለም። አንደኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት። ከሱቅ የ900 ዶላር ዕቃ የሰረቀ ሰው የሚከሰስበት እርከን ማለት ነው። መንጃ ፈቃድህ ላይ 6 የጥፋት ፖይንት ያርፋል፣ መዝገብህ ላይ 11 ዓመት ይቀመጣል። በኢንተርኔት መክፈልም የለም፣ በአካል መቅረብ ግዴታ ነው። ኢንሹራንሱ አለ፣ የምሠራበት መተግበሪያ መዝገቤን ያያል፣ ግሪን ካርድ ይዤ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ የዜግነት ፎርሙም እንዲህ ያለውን ነገር ይጠይቃል። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤዎቹ መጡ። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስቆጥራቸው አሥራ አራት ነበሩ። ሁሉም ስሜን ከነአያቴ አሟልተው፣ የተያዝኩበትን ፍጥነትና የቀጠሮዬን ቀን ጠቅሰው "እንርዳህ" ይላሉ። ባለቤቴ ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ዘርግታ "ማን ነገራቸው?" አለች። እኔም የጠረጠርኩት እሱኑ ነው፤ አንዱ ሸጦኛል። ኋላ እንደተረዳሁት የሸጠኝ የለም። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ጠበቆቹ በየቀኑ አዲሱን ስም እየለቀሙ ይጽፋሉ። እንዲጽፉ የፈቀደላቸው ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ነው። በ1977 ጠበቃ ማስታወቂያ ማስነገር ይችላል አለ፣ በ1988 ደግሞ ክስ ላለበት ሰው ለይቶ ደብዳቤ መላክም ይችላል አለ፤ ምክንያቱም የመናገር ነጻነት ነው። የፖስታ ሳጥኔን ያጨናነቀው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሆኑ ነው።

ጋሼ የምንላቸው አንድ የድሮ ታክሲ ነጂ አሉ፤ ለኛ ከዲኤምቪም (መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ከኢሚግሬሽንም የሚበልጥ እውቀት አላቸው። ስደውልላቸው አልተገረሙም።

"አንተ ልጅ፣ ስንት ደብዳቤ መጣልህ?"

"አሥራ አራት፣ ጋሼ።"

"በል ከመሃላቸው 'የቀድሞ ዓቃቤ ሕግ' የሚለውን ፈልግ።"

ሦስቱ ይሉ ነበር። ትናንት ሲከስስ የነበረ ዛሬ ሲከላከል፣ ያን ደግሞ እንደ ማዕረግ በፖስታው ራስጌ ላይ ሲያሳትም ማየት ለኔ አዲስ ነው። ደወልኩ፤ አንዱ 600፣ አንዱ 1,500፣ የኔው 850 አለ። በካርድ ስከፍል 3 በመቶ ጨመሩብኝ፤ ይህ በስልክ አልተነገረኝም።

850 ዶላር ለማን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ2025 የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12.41 ዶላር ነው፤ 68 ሰዓት ተኩል ሥራ ማለት ነው፣ ያውም ታክስ ሳይቆረጥ። ከ2009 ጀምሮ ባልተነቃነቀው የፌዴራሉ 7.25 ከሆነ ደግሞ 117 ሰዓት። "የመንግሥት ጠበቃ የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። አለ፤ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድሃ ጠበቃ ይቁምለት የሚለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጊዲዮን ውሳኔ ከ1963 ጀምሮ አለ፤ በ1972 ደግሞ እስር ለሚያስከትል ቀላል ወንጀልም ደርሷል። ግን አንደኛ ገቢህ ይታያል። ሁለተኛ "እስር አንጠይቅም" ከተባለ መብቱ አብሮ ይሄዳል። እኔ ለመንግሥት ጠበቃ ሀብታም፣ ለግል ጠበቃ ድሃ ነኝ።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ከቀጠሮው በፊት ጠበቃውን አታገኘውም። ጸሐፊዋ የቤት ሥራ በኢሜል ትልክልሃለች። የኔው እንዲህ ነበር፦ ከዲኤምቪ የመንጃ መዝገብህን አውጣ፤ የስምንት ሰዓት የአነዳድ ትምህርት ቀድመህ ተማር፤ የመኪናህን ፍጥነት መለኪያ አስመርምር። የመጨረሻው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ግን ጋራዥ ሄድኩ፣ መኪናዬን ሮለር ላይ አቁመው አስሮጧት፤ ጎማዋ 76 ስትሮጥ ዳሽቦርዷ 73 ይላል። ይህን በመሐላ አረጋግጠው ወረቀት ሰጡኝ፤ ፍርድ ቤቱ እንደ ማስረጃ እንዲቀበለው በሕግ ተጽፏል። ለኔ ከ850ው ውስጥ ትልቁ ዋጋ ይሄ ምክር ነው። ብቻዬን ብሆን በሕልሜም አላስበውም። ጥያቄ ሲኖረኝ ግን ለጸሐፊዋ የላክሁት መልእክት አራት ቀን መልስ አጣ።

የቀጠሮው ቀን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ስልክ በር ላይ ቀረ። የተከሳሾች ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ከመቶ በላይ ነን። በቴሌቪዥን የለመድነውን ችሎት እርሱት፤ እዚህ ደረጃ ላይ ሸንጎ ቁጭ ብሎ የሚፈርድ ሕዝብ የለም፣ ዳኛዋ ብቻ ናት። ዳኛዋን የመረጣት ደግሞ ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ምክር ቤት ነው፣ ለስድስት ዓመት። ዳኞችን በምክር ቤት የሚያስመርጡት ቨርጂኒያና ሳውዝ ካሮላይና ብቻ ናቸው፤ በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ዳኛ እንደ ፓርላማ ተወዳዳሪ ድምፅ ይለምናል። ዓቃቤ ሕጉን ግን እዚህም ሕዝቡ ነው የሚመርጠው። በ2023 ምርጫ "ምረጡኝ" የሚል ካርቶን በየመንገዱ ዳር ሳሩ ላይ ሰክተው አይቻለሁ። እኔ ግብር እንጂ ድምፅ የለኝም። ከወንዙ ማዶ ዋሽንግተን ውስጥ ግን 690 ሺህ የሚጠጋ ሰው ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥለት ተወካይ የለውም፤ ያንን ብሶት ታርጋው ላይ ጽፎ ሲነዳ ቀኑን ሙሉ ከኋላው ስለምከተለው እጽናናለሁ።

ጠበቃው መጣ። ክራቫቱ ላይ የቡና ጠብታ፣ ብብቱ ውስጥ አሥራ አንድ ፋይል። ስሜን ከፋይሉ አነበበ፣ አልሆነለትም፣ እንደገና ሞከረ፣ ተወው። ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ አድርጎ "በጣም ጥሩ" አለና ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ወደቆሙት ፖሊሶች ሄደ። የኔው ፖሊስ እዚያ አለ። መጀመሪያ ያወሩት ስለ ቤዝቦል ነው። ሳቁ። ከዚያ ጠበቃው የራዳሩን የምርመራ ወረቀት አየ፤ በስድስት ወር ውስጥ የተመረመረ መሆን አለበት። ቀጥሎ የኔን የጋራዥ ወረቀት አሳየው። ፖሊሱ ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ዓቃቤ ሕግ የሚባል ሰው በአካባቢው የለም፤ ጠበቃው እንዳለኝ የዚህ ካውንቲ ዓቃቤ ሕግ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሰው አይልክም።

ፍርዴ ያለቀው እዚያ ነው።

ውስጥ ገብተን ከኔ በፊት የተጠራው ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው፤ ቦቲ ጫማው ላይ ኖራ አለ። የስፓኒሽ አስተርጓሚ አጠገቡ ቆመች። 55 በሚባልበት 77። ዳኛዋ በትዕግሥት ጠየቀችው፤ ጠበቃ ልታቆም ትፈልጋለህ? አልፈልግም። እስር አይጠየቅብህም፣ ገብቶሃል? ገብቶኛል። ልጁ "ጥፋተኛ ነኝ፣ ይቅርታ" አለ። ሬክለስ፣ 400 ዶላር፣ የይግባኝ መብትህ አሥር ቀን ነው። አስተርጓሚዋ የመጨረሻውን ቃል ሳትጨርስ እሱ ባርኔጣውን ይዞ ወደ ገንዘብ መክፈያው እየሄደ ነበር። ማንም አልጮኸበትም፣ ማንም አልበደለውም። ሰው ያለ ጠበቃ እንዲህ በክብር ሲፈረድበት ማየት ራሱ ግራ ያጋባል።

ቀጥሎ እኔ። ጠበቃዬ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ፖሊሱ "አልቃወምም" አለ። ዳኛዋ የጋራዡን ወረቀት አገላብጣ "ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ" አለች፤ አግባብ ያልሆነ አነዳድ ማለት ነው፤ ቅጣቱ ከ500 ዶላር የማያልፍ፣ ወንጀል ያልሆነ የትራፊክ ጥፋት። 250 ዶላርና የፍርድ ቤት ወጪ። 3 ፖይንት፣ 3 ዓመት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። በልጁና በኔ መሃል አንድ ማይል ነው ያለው፤ የሱ መዝገብ ላይ ግን 11 ዓመት።

መጀመሪያ የመጣብኝን ሐሳብ ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ "በልተው ነው" አልኩ። ጠበቃና ፖሊስ ኮሪደር ላይ ሲሳሳቁ አይቼ ሌላ ምን ልበል? ግን አልበሉም። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አንዲት ሳንቲም አልተላለፈችም፤ የከፈልኩት ሁሉ ደረሰኝ አለው። የተሸጠልኝ ፍርድ ሳይሆን ኮሪደሩን የሚያውቅ ሰው ነው። እኛ ሽማግሌ የምንልክበትን እነሱ ዋጋ ተምነው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ግብር ከፍለው ይሠሩበታል። ልዩነቱ ሽማግሌ ለድሃውም መሄዱ ነው። የትራፊክ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በ2018 በፌዴራል ፍርድ ቤት በወንጀል ከተከሰሱት ሰዎች ሙሉ የችሎት ክርክር ውስጥ የገቡት 2 በመቶ ናቸው፣ 90 በመቶው ጥፋታቸውን አምነው ነው የጨረሱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2012 በአንድ የሚዙሪ ጉዳይ ላይ እንዲህ ጥፋትን ለማመን የሚደረገው ድርድር የወንጀል ፍትሕ ሥርዓቱ ቅጥያ ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ እንደሆነ ጽፏል። ያንን ታላቅ የችሎት አዳራሽ፣ ባንዲራውን፣ መዶሻውን ሳይ ለምን ባዶ ባዶ እንደሚለኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ለማቆም ለምታስቡ፦ ርካሹንም ውዱንም ተዉት፣ በዚያው ፍርድ ቤት በየሳምንቱ የሚውለውን ያዙ። የካርድ ጭማሪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዜግነት ያላገኛችሁ "ይሄ ኢሚግሬሽኔን ይነካል?" ብላችሁ ጠይቁት፤ የወንጀል ክስ ከሆነ ከአገር የማስወጣት አደጋ ካለ መንገር ከ2010 ጀምሮ የጠበቃው ግዴታ ነው። እኔ ኮሪደር ላይ ጠይቄው በግልጽ መልሶልኛል፤ ከአሥራ ሁለቱ ደቂቃ አራቱን የወሰደው ይሄ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከቢሮው መልእክት መጣ፣ "አምስት ኮከብ ስጡን" የሚል። አራት ሰጠሁ። አራት ቀን መልስ ያጣሁባት ጸሐፊ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደወለች።

"ምን ቅር አሰኝቶህ ነው? ያሸነፍን መስሎኝ።"

"ውጤቱ ጥሩ ነው። ጠበቃው ግን ስሜን እንኳን አልያዘም" አልኳት።

"በጣም ይቅርታ" አለች ከልቧ። "ስምህ ማን ነበር?"