ዲቪአር ወይስ ኤንቪአር? ሀዋሳ ላይ ካሜራ ለሚያስገጥሙ

ካሜራ ለማስገጠም ዋጋ ስትጠይቁ ቀድሞ የሚነገራችሁ ሜጋፒክስሉ ነው። እኔ ግን መቅረጫውን፣ ማለትም የካሜራዎቹን ምስል ቀርጾ የሚያስቀምጠውን ዲቪአር ወይም ኤንቪአር የሚባል ሳጥን፣ አስቀድሙ እላለሁ። ካሜራ ቢበላሽ ነቅሎ ሌላ መስቀል ቀላል ነው። መቅረጫው የወሰነው ገመድ ግን አንዴ ግድግዳ ውስጥ ከገባ ለመቀየር ግድግዳ መፈልፈል ይጠይቃል።

ዲቪአር የዲሽ ገመድ በሚመስለው ኮአክሲያል ኬብል ይሠራል። ምስሉ በእሱ ይመጣል፤ ካሜራው ኃይል የሚያገኘው ደግሞ ለብቻው ከተዘረጋ የ12 ቮልት መስመር ነው። ኤንቪአር በኔትወርክ ኬብል ነው። ፒኦኢ (በኔትወርክ ኬብሉ ኃይል የሚልክ) ካለው ያው አንድ ኬብል ምስሉንም ኃይሉንም ስለሚሸከም ካሜራው ጋ ሶኬት አትፈልጉም።

ፒያሳ ወይም መናኸሪያ አካባቢ አንድ ሱቅ፣ ፋርማሲ ወይም ካፌ ካላችሁ 4 ካሜራ የሚቀበል አንድ ዲቪአር ከባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራዎች ጋር ይበቃችኋል። ዋጋው ይቀላል፣ የሚጠግነውም ባለሙያ በቀላሉ ይገኛል። ገንዘብ መቀበያው ላይ ቀረብ ብሎ ከተሰቀለ የሰው ፊት በደንብ ያሳያል። ኤንቪአር ግዙ ብሎ የሚጫናችሁ ካለ ለምን እንደሆነ ያስረዳችሁ።

አዲስ ግንባታ ከሆነ ግን ሐሳቤ ይቀየራል። ፔንሲዮን፣ ፎቅ ወይም ሰፊ ግቢ እየሠራችሁ ከሆነ ልስን ሳይጀመር የኔትወርክ ኬብል አስገቡና ኤንቪአር ያዙ። በር ላይ ታርጋ ማንበብ ለሚፈልግም 4 ወይም 8 ሜጋፒክስል ያለው ይሻለዋል። በተቃራኒው የድሮ ኮአክሲያል ያለው ቤት ገመዱን አይንቀል፤ አዲስ ዲቪአርና አዲስ ካሜራ በዚያው ገመድ ላይ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣሉ።

ርቀት ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የኔትወርክ ኬብል ገደቡ 100 ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ መሃል ላይ ስዊች የሚባል የኔትወርክ ማከፋፈያ ይገባል። ጥሩ ኮአክሲያል ምስሉን 300 ሜትር ያደርሳል። ችግሩ ምስሉ ሳይሆን ኃይሉ ነው። 12 ቮልት በቀጭን ሽቦ ረጅም መንገድ ሲሄድ ይደክማል። ቀን ካሜራው ደህና ይሠራል። ማታ የራሱን የጨለማ መብራት ሲያበራ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋልና ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ቀሪ ክፍያውን የምትሰጡት ማታ ምስሉን አይታችሁ ይሁን። ፒኦኢ ወደ 48 ቮልት አካባቢ ስለሚልክ ይህ ችግር ብዙም አያገኘውም። ኬብሉን ግን ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ለፒኦኢ አትቀበሉት።

ሃርድ ዲስክ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። 4 ካሜራ እያንዳንዱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት እየቀረጸ ቢውል ቢያድር በቀን ወደ 86 ጊጋባይት ይሞላል። ባለ 1 ቴራ ዲስክ 11 ቀን ገደማ ያቆያል። 8 ካሜራ በ4 ሜጋቢት ከሆነ ያው ዲስክ 3 ቀን እንኳ አያቆይም። ኤንቪአር ስትገዙ የዲስኩን ዋጋም ደምሩ። ኤች 265 የሚባለው አቀራረጽ ቦታ ስለሚቆጥብ መኖሩን ጠይቁ። ዲስኩም ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ይሁን። የኮምፒውተሩ ቀን ከሌት ለመጻፍ አልታሰበም።

ዋይፋይ ካሜራስ? ለኪራይ ቤት ጥሩ ነው። ግን ቅጂውን የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ በራሱ ሜሞሪ ካርድ ነው፤ ሌባው ካሜራውን ከወሰደ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። ለንግድ ቤት አልመክረውም።

መብራት ሲጠፋ ዲቪአርም ኤንቪአርም ያለ ዩፒኤስ (በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ዋጋ የላቸውም። እዚህ ኤንቪአር ይቀላል፤ ፒኦኢ ያለው መቅረጫ ዩፒኤስ ላይ ከሆነ ካሜራዎቹም አብረው ይሠራሉ። በዲቪአር የካሜራዎቹ ፓወር ሰፕላይም ዩፒኤሱ ላይ መሰካት አለበት፤ ብዙ ገጣሚ ይረሳዋል። ከስልክ ማየት ከፈለጋችሁ ራውተሩንም ጨምሩ።

ሐይቁ ዳር ላላችሁ አንድ ነገር። ማታ ትንኝ ወደ ካሜራው መብራት ይመጣል፣ ሸረሪት ተከትሎ ያደራል። ድሩ ብርሃኑን መልሶ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል፣ ካሜራው እንቅስቃሴ ያየ እየመሰለውም ስልካችሁ ሌሊቱን በከንቱ ይጮሃል። ይህ በዲቪአርም በኤንቪአርም ያው ነው። በየጊዜው በለስላሳ ጨርቅ አስጠርጉ። ውጭ የሚሰቀለውም አቧራና ውሃ እንደማይገባው የሚያሳየው አይፒ 66 ወይም 67 የተጻፈበት ይሁን።

የመቅረጫውን ሰዓት ጂኤምቲ ሲደመር 3 ላይ አስሞሉት። ሌሊት 8 ሰዓት የተሰረቀ ዕቃ እዚያ ላይ የሚፈለገው 02:00 ብላችሁ ነው፣ ቀኑም በፈረንጆቹ። የይለፍ ቃሉን ገጣሚው ሲጨርስ ራሳችሁ ቀይሩት። መቅረጫውን ደግሞ ከገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ሥር አታስቀምጡት፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። አየር የሚያገኝ፣ የሚቆለፍ ሌላ ክፍል ፈልጉለት።