ለሕፃናት የሰመመን ባለሙያዋ እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን

የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ባልደረቦች ነን። አብራን የምትሠራውን የሰመመን ባለሙያ በአደባባይ ልናመሰግን ወደድን። ስሟን አንጠቅስም፤ ሥራዋ ይበቃል።

«ሰመመኑ የልጄን አእምሮ ይጎዳው ይሆን?» ብላ የምትጠይቅ እናት በየቦታው የምታገኘው መልስ ያሳዝናል። አንዱ ቀና ብሎ ሳያያት «ምንም አይሆንም» ይላታል። ሌላው አስፈራርቶ ቀዶ ሕክምናውን ያስተዋታል፤ የጨቅላ ቡአ ግን ከዘገየ አንጀት ሊታነቅበት ይችላል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚያስጾሙም አሉ!

እህታችን ግን እናቲቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ሳትደብቅ ታስረዳለች። የ7 ቀን አይጦች ለ6 ሰዓት ሰመመን ሲሰጣቸው የነርቭ ሴሎቻቸው መሞታቸውን፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ከ3 ሰዓት ስለሚበልጥ ወይም ስለሚደጋገም ሰመመን ማስጠንቀቁን ትነግራታለች። ለቡአ አንድ ሰዓት ያህል ሴቮፍሉሬን በተባለ የሰመመን ጋዝ የተኙ ሕፃናት ግን 5 ዓመት ሲሞላቸው፣ ጀርባቸው ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወግተው ሳይተኙ ከታከሙት በአእምሮ ፈተና አላነሱም። ይህንን ስትሰማ የእናቲቱ ትከሻ ሲላላ እናያለን።

ጥበቧ የሚታየው ሕፃኑ ከተኛ በኋላ ነው። ዓይኗ ከደም ግፊቱና ከትንፋሹ ጋር ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይነሳም፤ ማሽኑ አብዝቶ ሲያስተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወርዳል፣ የአንጎል ደም ሥሮችም ጠብበው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ስኳሩን ትለካለች፣ ሰውነቱን ታሞቃለች። ከጅራት አጥንቱ በላይ መርፌ ወግታ ሕመሙን ስለምታደነዝዝ የጋዙ መጠን ይቀንሳል። ሁለት ቀዶ ሕክምና ካለም ሐኪሞቹን አስማምታ በአንድ እንቅልፍ ታስጨርሳለች። ተባረኪ እህታችን!

ወላጆች፣ እንዲህ ያለ፣ በሕፃናት የሠለጠነ ባለሙያ ፈልጉ፤ ደግመን እንላለን፣ ፈልጉ። «ስንት ሰዓት ይተኛል? በመሀል ማን ይከታተለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጣችሁ በስተቀር የጡት ወተት ከሰመመኑ 4 ሰዓት፣ የዱቄት ወተት 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቁም። ጉንፋን ከያዘው ሳትደብቁ ተናገሩ፤ በሰመመኑ ጊዜ ጉሮሮው በድንገት ሊዘጋ ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነም ሳትጠየቁ ቀድማችሁ አስታውቁ፤ ከመጨረሻው የእናት የወር አበባ ተቆጥሮ 60 ሳምንት ያልሞላው እንዲህ ያለ ሕፃን ከሰመመን በኋላ ትንፋሹ ሊቋረጥ ስለሚችል ቢያንስ ለ12 ሰዓት ክትትል ሊደረግለት ይገባል።