«200 ኪሎ ይሸከማል» የተባለውን የቤት ፖል ከመግዛታችሁ በፊት

ፖል ዳንስ፣ ማለትም ከወለል እስከ ጣሪያ በቆመ የብረት ቧንቧ (ፖል) ላይ የሚሠራውን ዳንስ፣ መማር የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ፖል መትከል ያምረዋል። የትምህርቱ ክፍያ ከባድ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አይበቃም። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ መጀመሪያ ብቅ የሚልለት ከ80 እስከ 120 ዶላር የሚሸጥ፣ የሚያብረቀርቅ ተገጣጣሚ ቧንቧ ነው። ስሙ በየሻጩ ይለያያል፣ ማስታወቂያው ግን ያው ነው፦ የውጭ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ክሮም፣ ሲፈለግ የሚሽከረከር ሲፈለግ የሚቆም፣ ጣሪያ ሳይበሳ የሚተከል፣ 200 ኪሎ የሚሸከም። አትግዙት። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርገን እንጻፈው፤ ነገ ሌላ ስም ተለጥፎበት ሲመጣም እንድትለዩት።

ከ200 ኪሎው እንጀምር። ቁጥሩ ራሱ ውሸት ላይሆን ይችላል። የብረት ቧንቧ አቁማችሁ ከአናቱ 200 ኪሎ ብትጭኑበት ይችለው ይሆናል። ፖል ላይ የሚወጣ ሰው ግን ቧንቧውን ወደ ታች ብቻ አይጫነውም፣ ወደ ጎንም ይጎትተዋል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ክብደቷ ከቧንቧው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ብትንጠለጠል፣ የጣሪያው ከፍታ 2.5 ሜትር ከሆነ፣ የፖሉ የላይኛው ጫፍ ወደ ጎን 10 ኪሎ ያህል ይጎተታል። ይህ ሳትንቀሳቀስ ነው። በሰከንድ ተኩል አንድ ዙር ስትሽከረከር 30 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል፣ አቅጣጫውም አብሯት ይዞራል። ጣሪያው ላይ ደግሞ አንድም ብሎን የለም። ይህን ሁሉ የሚችለው ፖሉ ወለሉንና ጣሪያውን ገፍቶ በመወጠሩ የሚፈጠረው ፍትጊያ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ርካሹ ፖል ከመሰበሩ በፊት ከላይ የሚንሸራተተው፤ ሲንሸራተትም የያዘውን ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው።

ውጥረቱ እንዴት ይላላል? ዋናው ጉድ እዚህ ላይ ነው። በደንብ የተሠራ ፖል የሚወጠረው ከታች፣ በመፍቻ ነው፤ ከተወጠረ በኋላ ቧንቧው ቢዞር ውጥረቱ አይነካም። በብዙዎቹ ርካሽ ፖሎች ግን የሚወጠረው ቧንቧውን ራሱን በእጅ በማዞር ነው። ቧንቧው ጥርስ ባለው ብሎን ላይ ይቀመጣል፣ ወደ አንድ ጎን ሲያዞሩት ይረዝማል፣ ወደ ሌላው ሲያዞሩት ያጥራል። በቀኝም በግራም መለማመድ ደግሞ ግድ ነው፣ አለበለዚያ አንዱ ትከሻ ብቻ ይጠነክራል። ስለዚህ ከሁለቱ አቅጣጫዎች በአንዱ በተሽከረከራችሁ ቁጥር ፖሉን እየፈታችሁት ነው ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ «በአምስት ደቂቃ ያለ ምንም መሣሪያ ይተከላል» የሚል ካያችሁ ይህ ዓይነቱ ስለመሆኑ ጠርጥሩ።

«የሚሽከረከርም የሚቆምም» የሚለውም እንደዚያው ነው። ጥሩ ፖል ውስጥ ኩሽኔታ አለ፤ ርካሹ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው ቧንቧው የሚዞርበት የፕላስቲክ ቀለበት ነው፣ ሲበላ ቧንቧው መወዛወዝ ይጀምራል። እንዳይሽከረከር የሚይዘው አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። ብሎኗ ቧንቧውን እየፋቀች ቦታዋን ታሰፋና አንድ ቀን፣ ቆሟል ብላችሁ ስትወጡበት፣ ፖሉ ይዟችሁ ይዞራል። ጀማሪ የሚማረው በቆመ ፖል ስለሆነ ይህ ድንገተኛ መዞር ከሁሉ የባሰ ነው፤ እጅ ለዚያ አልተዘጋጀም።

መጋጠሚያዎቹንም እዩ። ሦስትና አራት አጭር ቧንቧ እርስ በርሱ በጥርስ የሚታሰር ከሆነ በየመጋጠሚያው ስንጥቅ ይኖራል፣ የጭንን ቆዳ ቆንጥጦ ይይዛል። ከላይ ጣሪያውን የሚነካው ክብም ስፋቱ ወሳኝ ነው። የእንግሊዙ ፖል ሠሪ ኩባንያ የኤክስ ፖል የጣሪያ ክብ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የርካሾቹ ክብ አንዳንዴ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ያው ግፊት በጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ጣሪያውን ይወጋዋል።

ዕቃው እጃችሁ ከገባ ደግሞ ሳትተክሉት መርምሩት፤ ሚዛንና ክር ይበቃል። ቧንቧውን በክር ዙሩበትና ክሩን ለኩ፦ 14.1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 45 ሚሊ ሜትር ነው፣ 15.7 ከሆነ 50 ነው፣ 12.6 ከሆነ 40። ከዚያ ባዶ ቧንቧውን መዝኑ። 45 ሚሊ ሜትር ሆኖ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት በሜትር ከ2 ኪሎ ትንሽ ያልፋል፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ በሜትር 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ካደላ፣ ሰው ሊወጣበት የተሠራ ዕቃ አይደለም። ክሮሙንም ምልክት ሳትተዉ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ሞክሩት፤ የሚላጥ ክሮም ቆዳ ይቆርጣል። ለኒኬል አለርጂክ የሆነ ሰው ክሮምን ትቶ ከመጀመሪያውም ስቴንለስ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ወደ ጣሪያው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥሩ ፖልም አያድንም። «ለማንኛውም ጣሪያ» የሚል ሻጭ ጣሪያ አያውቅም። አሜሪካ ያሉ ቤቶች በአብዛኛው ጂብሰም ቦርድ ናቸው፣ ውፍረቱ 1.3 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከበላዩ በየ40 ወይም በየ60 ሳንቲ ሜትሩ የእንጨት ወራጅ አለ። ክቡ ማረፍ ያለበት ወራጁ ላይ ነው፤ በሁለት ወራጆች መካከል ካረፈ ጂብሰሙ እየጎበጠ ውጥረቱን ይበላዋል፣ ካልሆነም ይሰነጠቃል፣ የቤት ኪራይ መያዣችሁም አብሮ ይሄዳል። ወራጁን በማፈላለጊያ መሣሪያ ፈልጉ፤ ማንኳኳት ብቻውን ያሳስታል። በገልፍ አፓርታማዎች ከሶሌታው ሥር የተንጠለጠለ ጂብሰም የተለመደ ነው። እሱ መብራት ለመያዝ የተሰቀለ ነው፣ ፖል አይነካካውም። አገር ቤት ኮርኒስ ከሆነ፣ ችፑድም ሆነ ጨርቅ፣ ጭራሽ አይታሰብም። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ያለው ሶሌታ ደግሞ በወራጅ መካከል ባዶ ብሎኬት ተደርድሮበት የተሠራ ነው። ብሎኬቱ ሥር ከወጠራችሁት ልስኑ ይረግፋል፣ ብሎኬቱም ሊሰበር ይችላል። የሚፈለገው ወራጁ ወይም ቢሙ ነው።

አገር ቤት ሆኖ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው መመለስ የሚባል ነገር እንደሌለው ያስብ። ብረታ ብረት ቤት ሄዶ ማሠራት የሚሻል መስሎ የሚታየው ብዙ ነው፣ ሊሻልም ይችላል፣ ግን የውሃ ቧንቧ አይሁን። ባለ 1¼ ኢንች የውሃ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 42.4 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 1½ ደግሞ 48.3 ስለሆነ ልኩ እጅ ላይ ይመቻል፤ ዚንክ የተነከረው ገጹ ግን ሻካራ ነው፣ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ያንሸራትታል። ለደረጃ መደገፊያ የሚሸጠው ስቴንለስ ገጹ ይሻላል፤ ስትገዙ ውፍረቱን ጠይቁ፣ ስስ የሆነው ነው ብዙውን ጊዜ የሚሰጣችሁ። ብየዳውም እጅና ጭን ከሚነካው ቦታ ውጭ ይሁን።

ጣሪያ ሳይነካ የሚቆም፣ አራት እግር ያለው ርካሽ ፖልም አለ። ስለሱ ብዙ አንልም፤ በደንብ የተሠራው እንዲህ ያለ ፖል ከነመቆሚያ መድረኩ 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በአንድ እጅ የሚነሳውን ራሳችሁ ገምቱት።

ታዲያ ምን ይገዛ? ከታወቁት ሠሪዎች፣ ለምሳሌ ከኤክስ ፖል ወይም ከስሎቬኒያው ሉፒት፣ አዲሱ ከ300 ዶላር በላይ ነው። ገንዘቡ ካልደረሰ ያገለገለ ይሻላል፣ ብረት በቀላሉ አያረጅም፤ የመጋጠሚያዎቹን ብሎኖችና ኩሽኔታውን አይታችሁ፣ መፍቻዎቹ አብረው መኖራቸውን አረጋግጣችሁ ውሰዱ። አዲስ ኤክስ ፖል በግማሽ ዋጋ ከተባለ ግን ፎርጂድ ነው ብላችሁ ተነሱ፣ ተመሳስሎ የሚሠራ ብዙ አለ። መለያ ቁጥሩን ከመክፈላችሁ በፊት ተቀብላችሁ ለኩባንያው በመላክ አስጣሩ።

ሲተከል በውሃ ልክ በሁለት ጎን ለኩት፣ አንዱ ከሌላው 90 ዲግሪ ዞሮ። ዙሪያውን 1.5 ሜትር ባዶ ይሁን። የዮጋ ምንጣፍ መውደቂያ አይሆንም፣ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ ያስፈልጋል። በየልምምዱ መጀመሪያ ቧንቧውን በአልኮል ጥረጉ፤ ሎሽንና ቫዝሊን በዚያን ቀን አትቀቡ። መገልበጥ፣ ማለትም ፖሉ ላይ ራስን ወደ ታች እግርን ወደ ላይ ማድረግ፣ መምህር በሌለበት፣ ብቻውን ላለ ጀማሪ፣ በየትኛውም ፖል አይሆንም።

ርካሹን አስቀድማችሁ የገዛችሁ፣ መመለስ ከቻላችሁ መልሱት። ካልቻላችሁ ቢያንስ አንድ እግር ወለል ላይ የሚቀርበትን ብቻ ሥሩበት፦ በፖሉ ዙሪያ መራመድ፣ የእጅ አያያዝ፣ ትከሻን ወደ ታች ጎትቶ መያዝ፣ የወለል እንቅስቃሴ። ሁለቱም እግሮች የሚነሱበት ነገር ሁሉ ይቅር። ለመመለስ ደግሞ ካርቶኑን አትጣሉ፣ ቧንቧውንም ሳትተክሉ ሚዛን ላይና በክር ስትለኩት ቪዲዮ ቅረጹት፤ አንዴ ከተጫረ «ተጠቅማችሁበታል» ይላሉ። ምክንያቱን «አልወደድኩትም» ብላችሁ አትጻፉ፣ የመላኪያው ወጪ እናንተ ላይ ይወድቃል። «ከማስታወቂያው ጋር አይመሳሰልም» በሉና የለካችሁትን ቁጥር አያይዙ። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ዕቃውን አስቀሩትና 20 ወይም 30 በመቶ እንመልስላችሁ ይላል። አንዴ እሺ ካላችሁ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ሙሉውን እስኪመልስ ድረስ እሺ አትበሉ።