ሚኖክሲዲል 5 በመቶ በድሬ ሙቀት፦ መድኃኒቱ ሠርቷል፣ ጠርሙሱ ግን አስቸግሯል

ለሳሳ ጸጉር ጭንቅላት ላይ የሚቀባው የሚኖክሲዲል ፈሳሽ ጠርሙስ ድሬዳዋ ውስጥ ተከፍቶ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ አንገቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ክዳኑ በሚዞርበት ጥርስ ላይና በመንጠብጠቢያው ጫፍ ነጭ ነገር ይጋገራል፤ በጣት ሲያሹት እንደ ደቃቅ ጨው ይሻክራል። ቆሻሻ አይደለም፣ ራሱ መድኃኒቱ ነው። ሚኖክሲዲል ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ስለዚህ በአልኮልና ፕሮፒሊን ግላይኮል በሚባል ወፈር ያለ ፈሳሽ ተሟሙቶ ነው የሚታሸገው። አልኮሉ ሲተን መድኃኒቱ መልሶ ይደርቃል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ደግሞ ክዳኑ ትንሽ ላላ ካለ አልኮሉ ጊዜ አይፈጅበትም።

ከአንድ ዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። ውጤቱን በሚመለከት ቅሬታ የለኝም፤ አናት ላይ የሳሳው ሸፍኗል፣ በመግዛቴም አልቆጭም። የሚያናድደኝ ፈሳሹንና ፎሙን (በጣሳ የሚሸጠውን የአረፋ ዓይነት) ጎን ለጎን ደርድሮ «ሁለቱም ያው ነው፣ አንዱ ውሃ አንዱ አረፋ» ብሎ የሚሸጠው ሰው ነው። ያው አይደለም! ድሬ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ያው አይደለም። ብዙ ሰው መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብሎ በሁለተኛው ወር የሚተወው፣ ያልተስማማው መድኃኒቱ ሳይሆን የተሟሟበት ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ነው።

ፕሮፒሊን ግላይኮል አልኮሉ ከተነነ በኋላም ቆዳ ላይ የሚቆይ፣ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ለማስረግ የሚያግዝ ነው። ጸጉሩን ቅባት የተቀባ የሚያስመስለው እሱ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ ማሳከክ፣ መቅላትና መቀረፍ የሚያመጣውም እሱ ነው። ፎሙ ውስጥ ግን የለም። ሙቀቱ ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል፦ ላብ ፈሳሹን ይዞት ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ ይወርዳል፤ ቆዳው ሲያሳክክ በጥፍር ይታከካል፤ የተቧጠጠ ቆዳ ደግሞ መድኃኒቱን ከሚገባው በላይ ወደ ደም ያስገባል። በዚህ የተነሳ ልብ መምታትና ራስ ማዞር የሚሰማው ሰው አለ።

ጭንቅላት ላይ ነጭ ነገር ሲታይ ወዲያው ፎረፎር ነው ማለት አይገባም። ጠርሙሱ አንገት ላይ የሚሆነው ጸጉር ላይም ይሆናል፦ የደረቀ መድኃኒት ደቃቅ ነው፣ አያሳክክም፣ በውሃ ሲታጠብ ይሄዳል። ከተቀቡ በኋላ በሰዓታት ውስጥ የሚያሳክክና የተቀባው ቦታ ብቻ ላይ የሚቀላ ከሆነ ጥርጣሬው ፕሮፒሊን ግላይኮል ላይ ነው። ቅባታማና ቢጫ ያለው፣ ቅንድብና አፍንጫ ዳር ላይም የሚታይ ከሆነ እውነተኛው ፎረፎር ነው፤ ለእሱ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፑ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አረፋው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጭንቅላት ላይ ቆይቶ መታጠብ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ፈሳሹን አቁሞ ቆዳው እስኪድን መጠበቅ፣ ከዚያ በፎም መጀመር። ማሳከኩ ከቀረ ጥፋቱ የፈሳሹ ነበር። በፎሙም ያው ማሳከክ ከመጣ ቆዳው ሚኖክሲዲሉን ራሱን ስለማይወደው ማቆምና የቆዳ ሐኪም ማማከር ነው።

ፎሙ ግን ለድሬ እንዲመች ሆኖ አልተሠራም። የሰው ጣት ሙቀት ሲነካው እንዲቀልጥ ነው የተሠራው፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲግል ገና ከአፉ ሲወጣ ውሃ ይሆናል፣ በጣቶች መሃል ይፈስሳል፣ መጠኑም ይጠፋል። መፍትሔው ይህ ነው። ጣሳውን ከቤቱ ቀዝቃዛ በሆነው ክፍል፣ ከመስኮትና ከጣሪያ በራቀ ቦታ አስቀምጡ። እጃችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ጣሳውን ዘቅዝቃችሁ በመዳፋችሁ ሳይሆን በቀዝቃዛ የስኒ ማስቀመጫ ላይ የክዳኑን ግማሽ የሚያህል አውጡ፤ እሱ የአንድ ጊዜ መጠን ነው። ከዚያ በጣት ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያነሱ፣ ጸጉሩን በሌላው እጅ ከፈል እያደረጉ የራስ ቆዳውን መንካት። ጣሳው ጋዝ የታመቀበት ስለሆነ ከ49 ዲግሪ በላይ የሚሆን ቦታ አይቀመጥም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ መተው አደጋ ነው። ሐረር ላይ ቅሬታው ይቀላል፤ ከተማዋ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቀዝ ያለች ስለሆነች ፎሙ ፎም ሆኖ ይወጣል፣ የጠርሙሱ አንገትም ቶሎ አይነጣም።

እዚህ ላይ ፈሳሹን የምደግፍበት አንድ ጉዳይ አለ። የተጠቀለለና የታጨቀ ጸጉር ፎሙን ላዩ ላይ ይዞት ይቀራል፤ መድኃኒቱ የሚፈለገው ደግሞ ቆዳው ላይ ነው። ጸጉሩን አሳጥሮ ለሚቆረጥ ወንድ ፎሙ ይሻላል። ረጅም ጸጉር ላላት፣ በተለይ ሹሩባ ለተሠራች ሴት ግን ፈሳሹ ይመቻል፤ በጠርሙሱ መንጠብጠቢያ ሳይሆን ከፋርማሲ በሚገዛ 1 ሚሊ ሊትር መርፌ አልባ ሲሪንጅ። ቁጥሩ ሲሪንጁ ላይ ስላለ መጠኑ አይሳሳትም፣ ጫፉም በሹሩባው መሃል ባለው መስመር ላይ ጠብታውን ያደርሰዋል። በየመስመሩ ጥቂት ጠብታ፣ ከዚያ በጣት ማዳረስ፣ ከዚያ እጅን በሳሙና መታጠብ። ለሴት የሚመከረው 2 በመቶ ፈሳሽ በቀን ሁለቴ ወይም 5 በመቶ ፎም በቀን አንዴ ነው፤ 5 በመቶው ፈሳሽ ፊት ላይ ጸጉር የማብቀል ዕድሉ ከፍ ይላል።

ለወንድ መጠኑ በአንድ ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሁለቴ ነው። 60 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ለ30 ቀን ይበቃል፤ በ20 ቀን ካለቀ እጅ በዝቷል ማለት ነው። «ብዙ ካደረግክ ቶሎ ይበቅላል» የሚል ሻጭ ሐሰት ይናገራል፤ የሚጨምረው ማሳከክና ወደ ደም የሚገባው መጠን ነው። ሰዓቱን ለድሬ እንዲህ ማስተካከል ይቻላል፦ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ በደረቀ ጸጉር ላይ፤ ማታ ደግሞ 1 ሰዓት አካባቢ፣ ገላ ታጥበው ላቡ ከደረቀ በኋላ። ለ4 ሰዓት ውሃ አይነካም። ከመተኛት በፊት ቢያንስ 2 ሰዓት ይድረቅ፤ አለበለዚያ ትራሱ ይጠጣውና ከትራሱ ወደ ጉንጭ ይሻገራል።

መርገፉን ሻጮች አይነግሩም። ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ጸጉር ከወትሮው በላይ ይረግፋል፤ ማበጠሪያውም መታጠቢያውም ይሞላል። ምክንያቱ መድኃኒቱ ዕረፍት ላይ ያሉትን የጸጉር ስሮች ወደ አዲስ እድገት ስለሚያስገባቸው፣ አሮጌው ጸጉር ለአዲሱ ቦታ ስለሚለቅ ነው። ብዙ ሰው ጠርሙሱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ለውጥ የሚታየው ከ4ኛው ወር ጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ ቀጭንና ለስላሳ፣ ቀስ እያለ ወፈር ያለ። ሙሉ ፍርድ ለመስጠት አንድ ዓመት ይፈልጋል። ወር በወር በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን አናቱን ፎቶ ማንሳት ከመስታወት ይሻላል። «6 ወር ተጠቀምና ታቆማለህ» የሚለው ሌላ ውሸት ነው፤ ካቆሙት ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ የተገኘው ሁሉ ይረግፋል። መድኃኒቱ እስከተቀባ ድረስ ነው የሚሠራው፤ ከመግዛት በፊት ወርኃዊ ወጪውን ለዓመታት ማሰብ ያስፈልጋል። ሁሉም ሰው ላይም አይሠራም፤ የጸጉሩ ስር ውስጥ ያለ ኤንዛይም መድኃኒቱን መለወጥ አለበት፣ ኤንዛይሙ ያነሰበት ሰው ዓመት ቢቀባም ለውጡ ጥቂት ነው።

ይህን ጠርሙስ ጨርሶ መግዛት የሌለበት ሰውም አለ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያን አይታለች። ከእንዲህ ዓይነት ከባድ ትኩሳት፣ ከወሊድ ወይም ከቀዶ ጥገና ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ጸጉር ከየቦታው በእፍኝ ሊረግፍ ይችላል። ያስደነግጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ በ6 ወር ገደማ ራሱ ይመለሳል፤ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም በላብራቶሪ ምርመራ የሚታወቁ ናቸው። በክብ የላሸ ቦታ፣ ቅርፊት ያለው ወይም ልጅ ላይ የታየ መመለጥ ላሽ ወይም ቆረቆር ሊሆን ስለሚችል ወደ ድል ጮራ ወይም ሐረር ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄዶ ማሳየት እንጂ ሚኖክሲዲል አይደለም። ግንባር ዳርና ጆሮ አጠገብ የሳሳ ጸጉር ደግሞ ብዙ ጊዜ የጠበቀ ሹሩባ ሥራ ነው፤ ሹሩባው ካልላላ የትኛውም መድኃኒት አይረዳውም፣ ቆዳው አብረቅርቆ ቀዳዳው ከጠፋ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ። ፊናስተራይድ 1 ሚሊ ግራም ክኒን ለወንድ ከሚኖክሲዲል ጋር ሲሆን የተሻለ ይሠራል፤ ነገር ግን የወሲብ ፍላጎትን የሚቀንስበት ሰው ስላለ ያለ ሐኪም አይጀመርም፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የተሰበረውን ክኒን በእጇም መንካት የለባትም። ከራስ ደም የሚዘጋጀው መርፌ ለአንዳንዶች ይረዳል፣ ውድ ነው፣ እየተደጋገመም ይወሰዳል። ጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ሂናና ቀሲል የሚባለው የቅጠል ዱቄት ጸጉሩን ያሳምሩት ይሆናል፤ በዘር የመጣን መመለጥ ግን አያቆሙም። ቀሲል የሚታጠቡ ከሆነ ከሚኖክሲዲሉ በፊት በደንብ ይለቅለቅ፤ ዱቄቱ ቆዳው ላይ ከቀረ መድኃኒቱን ይዞት ይቀራል።

ጥንቃቄውን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 ለደም ግፊት፣ በ1988 ደግሞ በቅባትነት ለጸጉር ተፈቀደ። የልብ ሕመም ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ጫት የሚቅም ሰው በተለይ ልብ ይበል፦ ጫቱ ራሱ የልብ ምትን ስለሚጨምር፣ መምታቱ የበረታ ዕለት «ጫቱ ነው» ብሎ ማለፍ ያጋጥማል። ደረት ሲወጋ፣ እግር ሲያብጥ ወይም ሲያዞር ቅባቱን አቁሞ መታየት ነው። እርጉዝና የምታጠባ እናት አትቀባም። አልኮል ስላለበት ጭንቅላቱ ሳይደርቅ ከሰል ምድጃ፣ ዕጣን ማጨሻና ሲጋራ አጠገብ አይቀረብም። ድመት ያለበት ቤት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጠንቀቅ፤ ድመት ከትራስ ወይም ከጸጉር ላይ ጥቂት ብትልስ ልትሞት ትችላለች።

እንደገና ብገዛ ፎሙን እገዛለሁ፤ በሙቀቱ ወራት አንድ አንድ ጣሳ ብቻ፣ መደርደሪያው ከፀሐይ ከራቀ ፋርማሲ፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቤ። ፈሳሹን ለሚገዛ ሰው ደግሞ ሲሪንጁን አብሮ ይግዛ፣ ክዳኑን በተጠቀመ ቁጥር አጥብቆ ይዝጋ፣ የጠርሙሱን አንገት በንጹሕ ጨርቅ ይጥረግ፤ ነጩ ዱቄት በውስጡም መዝቀጥ ከጀመረ መጠኑ ስለተዛባ ያን ጠርሙስ ትቶ አዲስ ይክፈት።