የካቲት 12ን ከጣሊያን ተማሪዎች ጋር መስራት፦ በዙም ወይስ በጉግል ዶክ?

ዙም ለመተዋወቂያ አሪፍ ነው፣ ሰዓቱም አያስቸግርም፣ በነሱ ክረምት ልዩነቱ 2 ሰዓት ብቻ ነው፣ ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥ "ይሰማል?" ስትባባሉ ጊዜው ያልቃል። ጉግል ዶክ እውነት ለመናገር ይደብራል፣ ስራው የሚሰራው ግን እዛ ላይ ነው። ስድስት ኪሎ ወርዳችሁ ሀውልቱ ላይ የተቀረፀውን ጭፍጨፋ ፎቶ አንስታችሁ ትለጥፋላችሁ፣ እነሱ የዛን ጊዜ የጣሊያን ጋዜጣ ፈልገው ከጎኑ ያስገባሉ፣ እኛ 1929 ስንል እነሱ 1937 ይላሉ፣ ሁለቱንም ፃፉት በቃ። የሟቾች ቁጥር ላይ ክርክር አይቀርም፣ እኛ 30,000 ነው የምንለው፣ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ደግሞ 19,000 አካባቢ ይላል። ይሄ በዙም ከተነሳ ቶሎ ይጋጋላል፣ ኮመንት ላይ ግን ሁሉም ምንጩን ይዞ ነው የሚመጣው።