ከመኪና ግርግር አጠገብ ያለው ወርቅ ቤት

ለእህቴ ሠርግ ሀብልና ጉትቻ ለመግዛት፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ከማይቋረጥበት፣ መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ብዙም ወደማይርቅ አንድ ወርቅ ቤት ባለፈው ወር ሄጄ ነበር። ባለሱቁ አዛውንት ሀብሉን ከመመዘናቸው በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን እንዳይ አደረጉኝ፤ ከዚያም መቆለፊያው ላይ የተቀረጸውን 750 የሚል ምልክት በአጉሊ መነጽር አሳይተው፣ 18 ካራት ማለት ከ1000 እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ፣ ቀሪው እንደ መዳብና ብር ያለ ቅይጥ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። የወርቁን ዋጋና የእጅ ዋጋውን ለያይተው ደረሰኝ ላይ መጻፋቸውን ከሁሉ አብልጬ ወድጄዋለሁ።

ቅር ያሰኘኝ ጉትቻው ነው። ከነቀይ ድንጋዩ ተመዝኖ ሁሉም በወርቅ ዋጋ ተሰላ፤ ብጠይቅ «ልማዱ ነው» ተባልኩ፤ ተከራክሬ ጥቂት ቢቀነስልኝም፣ ጠያቂ ያልሆነ ገዢ ድንጋዩን በወርቅ ዋጋ መግዛቱ አይቀርም።

ስለ አያያዙ የሰጡኝ ምክር ግን የሚያስመሰግናቸው ነው። ወርቁን ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙናና ብሩሽ እንዳጥበው፣ በበረኪና ሳጸዳ ደግሞ እንዳወልቀው ነገሩኝ፤ ክሎሪን ቅይጡን ይበላዋልና። ከአያቴ የወረስኩትን፣ 1780 የሚለው ዓመት ገና የሚነበብበትን የማርትሬዛ ብር ጌጥ እንዲወለውሉልኝ ስሰጣቸውም፣ በጥርስ ሳሙና መፈተግ ቅርጹን እንደሚያጠፋው ነግረውኝ፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠርገው ያለ ክፍያ መለሱልኝ።