ዲያኒ ወይስ ማሊንዲ? በሞምባሳ በኩል ባሕር ለሚሄዱ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር ማረፍ ለሚፈልግ ሰው የኬንያ ጠረፍ ብዙ ጣጣ የለበትም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ አይጠየቅም፤ አየር መንገዳችንም እስከ ሞምባሳ በቀጥታ ይበራል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ፤ ዕቃ በፌስታል አትቋጥሩ፣ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። ከሞምባሳ በኋላ ነው ምርጫው የሚመጣው፦ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዲያኒ፣ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ማሊንዲ።

ለባሕሩ ብቻ ከሆነ እኔ ዲያኒን እመርጣለሁ። አሸዋው ነጭ ነው፣ እንደ ዱቄት የላመ። ከዳር ራቅ ብሎ ያለው የኮራል ድንጋይ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ውሃው ረጋ ይላል፤ ዋና የማይችል አዋቂም ሆነ ልጅ ሳይፈራ ይገባበታል። ባሕሩ ሲሸሽ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ይቻላል፤ እሾሃማ የባሕር እንስሳት ስላሉ ግን ጫማ ያስፈልጋል። ሆቴሎቹ በአንድ መንገድ ዳር ተደርድረዋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በባጃጅ ነው። መንገዱን አሻግረው ከዛፍ ዛፍ የተወጠሩት የገመድ መሰላሎች ኮሎበስ ጦጣዎች በመኪና እንዳይገጩ የተሠሩ ናቸው፤ ልጆች ይህን ሲያዩ ከባሕሩ እኩል ይደሰታሉ።

ማሊንዲ ከተማ ላይ ያለው ባሕር ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ዝናብ ሲበዛ የሳባኪ ወንዝ ደለል ይዞ ስለሚገባ ውሃው ይደፈርሳል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ከሄዳችሁ አዳራችሁን ከማሊንዲ በታች ባለችው በዋታሙ አድርጉት። እዚያ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠበቀ የባሕር ፓርክም አለ።

በአካባቢው መስህብ ግን ሰሜኑ ይበልጣል፤ በተለይ ጌዲ። በኮራል ድንጋይ የተሠራ የስዋሂሊ ከተማ ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነዋሪዎቹ ለቀውት ሄዱ፣ ጫካም ዋጠው። ዛሬ በመስጊዱ፣ በቤተ መንግሥቱና በውኃ ጉድጓዶቹ መካከል ትልልቅ ዛፎች ከግንቡ ላይ በቅለው ይታያሉ። ከቻይና የመጣ ሸክላ ሳይቀር ተቆፍሮ ወጥቶበታል። ዩኔስኮ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ላሊበላንና ጎንደርን ያየ ሰው ጌዲን ሳያይ ቢመለስ እኔን ይቆጨኛል። አራቡኮ ሶኮኬ ደን አጠገቡ ነው፤ ቀይና ነጭ ገደሎቿ ያማሩትን ማራፋን ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማየት ይሻላል። ማሊንዲ ላይ ቫስኮ ዳ ጋማ ያቆመው ሐውልት አለ። በ1498 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ፣ የሕንድን መንገድ ከመፈለጉ ጎን ፖርቹጋሎች «ቄሱ ዮሐንስ» ለሚሉት ክርስቲያን ንጉሥ ደብዳቤ ይዞ ነበር፤ ያንን ንጉሥ የእኛ አገር ንጉሥ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ከዲያኒ ደግሞ የሺምባ ኮረብታዎች ደንና ፏፏቴ ቅርብ ነው። ሌላው በጀልባ ወደ ዋሲኒ ደሴትና ወደ ኪሲቴ የባሕር ፓርክ መሄድ ነው፤ ዶልፊን የሚታየው በዚያ መንገድ ነው። ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ በጠዋት ተነሱ።

ጿሚዎች በሁለቱም ቦታ አይቸገሩም። በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና እርግብ አተር የጠረፉ ሰው የዘወትር ምግብ ነው፤ «ምባዚ» ብላችሁ ጠይቁ። ማሊንዲ ብዙ ጣሊያኖች ስለኖሩባት ፓስታና ፒዛ በየቦታው ይገኛል።

በመንገድ በኩል ዲያኒ ቀርቦላችኋል። ድሮ በሊኮኒ ጀልባ መሻገር ግድ ነበር፤ አሁን የዶንጎ ኩንዱ መንገድ ከአየር ማረፊያው ያለ ጀልባ ያደርሳል። ለአጭር ዕረፍት ወይም ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ይህ ብቻውን ይበቃል። ሳምንት ያለው ሰው ግን ዋታሙ ቢያርፍ ባሕሩንም ጌዲንም ሳይሮጥ ያያል።

ወባ በጠረፉ ሁሉ ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ የደጋ ሰው በቀላሉ ይያዛል። ወቅቱን በተመለከተ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ባሕሩም የጠራ ነው፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ያለውን፣ ከገና እስከ ጥምቀትና ከዚያም በኋላ ያለውን ጊዜ ብትይዙ ሆቴሉም ይቀላል። በሚያዝያና በግንቦት ከባድ ዝናብ ስለሚወርድ ለፋሲካ ያሰባችሁት ጉዞ ካለ ለሌላ ጊዜ አዛውሩት።